ቁጥሩ አልገጠመም

«አባባ፣ ቁጥሩ አልገጠመም።»

ይህን ያለው ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። አጎቴን በአክብሮት ነው ያናገራቸው። የጂፑን ኮፈን ከፈተ፤ ሞተሩ ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በእጅ ባትሪ አነበበ፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያየ፤ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋና እነዚያን ሦስት ቃላት ተናገረ። ፍሬኑን አልረገጠም። መሪውን አልነካም። ከመኪናው ሥር ጎንበስ አላለም። መብራት አብሩ እንኳ አላለንም። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚባለው ነገር በዚሁ አለቀ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነገር ማስረዳት ይወዳሉ። «ልጄ፣ ቁጥሩ እንደማይገጥምማ ቀድሜ የነገርኩህ እኔው ነኝ። ሞተሩን ቀይሬያለሁና መዝግቡልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉት።

«እንግዲያውስ የሞተሩን ዲክላራሲዮን ይዘው ይምጡ አባባ።»

ዲክላራሲዮን! ሞተሩ የተገዛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ ተጋጭቶ ከተፈታታ ቶዮታ የወጣ። የሻጩ ደረሰኝ በእጃችን አለ። የጉምሩኩ ወረቀት ግን መጀመሪያ መኪናውን ካስገባው ሰው ጋር ቀርቷል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም።

ከግቢው ወጥተን አስፋልቱ ዳር እንደቆምን አንድ ደላላ ተጠጋን። የቆምንበትን ምክንያት ሳንነግረው ያውቀዋል። «ለዚህ ነው እንዴ የምትንከራተቱት? አዲሱን ቁጥር ፍቆ አሮጌውን የሚመታላችሁ ሰው አለ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጡ ይገጥማል» አለን።

አጎቴ ፊታቸውን አዙረው ወደ ጂፑ ሄዱ። እኔ ግን የዚያ ሰው ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት ከጂፑ ይልቅ በደላላው ምክንያት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በልልኝ፤ እውነቱን ተናግሮ የመጣው ሽማግሌ ተመለሰ፤ በመዶሻ የዋሸ ግን ያልፋል። እንዲህ ያለው አሠራር ሌባን ይይዛል ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

*  *  *

አስቀድሜ ጂፑን ላስተዋውቃችሁ። ዊሊስ ነው፤ ሲጄ-3ቢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1968 የተሠራው ዓይነት። አጎቴ በደርግ ዘመን ከመንግሥት ሐራጅ ገዙት። ያን ጊዜም ቢሆን አሮጌ ነበር።

አሜሪካ ሠራሽ መኪና በአገራችን የበዛበት ምክንያት ይታወቃል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ገንዘቡ የዓለም ባንክ ብድር፣ መሪዎቹም አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመና ጂፑም የጭነት መኪናውም ከጦር መሣሪያው ጋር አብሮ ገባ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ አሜሪካኖቹን ሲያባርር ግን መኪኖቹ እዚሁ ቀሩ፣ የመለዋወጫው ምንጭ ተዘጋ። የእኛ አገር ሞተር ገጣሚ የተፈጠረው ከዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? መካኒኩም ከጂፕ ላይ የላዳ፣ ከላንድሮቨር ላይ የአይሱዙ ዕቃ አጋባ።

የአጎቴ ጂፕ በሐምበሪቾ ግርጌ ከዱራሜ እየተነሳ አርባ ዓመት ግድም ሠራ። ቆጮና ድንች ወደ ገበያ፣ ሙሽራ ወደ ሠርጓ፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ አስከሬን ወደ ቀየው አደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሞኖብሎኩ ተሰነጠቀ። ተበየደ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። ምትክ ፍለጋ ያልተጠየቀ ሰው አልነበረም፤ አልተገኘም።

«አውጥታችሁ ጣሉትና ሌላ ግዙ» የሚል ብልህ አይጠፋም። ምን እንግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው የሌላ ቀን ክርክር ነው። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ አገሪቱ ያላትን አሮጌ መኪና እያደሰች እንድትኖር ተፈርዶባታል። እንዲህ ከፈረዱ በኋላ አዳሹን እንደ ወንጀለኛ ማየት ምን ይሉታል?

*  *  *

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። «ገጣጥሞ ነው የሰጠህ» የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ስድብ ሆኗል። ሆሳዕና ያለው ጋራዥ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያህል እየተመላለስኩ ያየሁት ሥራ ግን ስድብ አይገባውም።

የጂፑ የቀድሞ ሞተር 2.2 ሊትር ቤንዚን፣ 75 የፈረስ ጉልበት ነበር። የገባለት የቶዮታ 3ኤል ናፍጣ 2.8 ሊትር፣ 91 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። «ለአሮጌ ሻሲ ይህን ያህል ጉልበት!» ብሎ የሚደነግጥ ይኖራል። ይሁንና ሆሳዕና ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 91ዱ በእኛ ዳገት ላይ 69 ገደማ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሻሲ ከፈቀደው 75 ያነሰ ማለት ነው! ሁለቱም ሞተሮች ከፍተኛ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በደቂቃ 4000 ዙር ላይ መሆኑን ደግሞ ጨምሩበት። የጂፑ ዲፈረንሻል 5.38 ለ1 ነው፤ ናፍጣው በደቂቃ 2500 ሲዞር ጂፑ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ለኮረኮንችና ለዳገት የሚበቃ፣ ለመፎካከር የማይበቃ ፍጥነት። መካኒኩ ይህንን ሁሉ ያሰላው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነው። ስሌቱን ቤቴ ወስጄ በካልኩሌተር ፈተሽኩት፤ ስህተት አላገኘሁበትም።

ከዚያ የመግጠሙ ሥራ መጣ። የቶዮታው የፍሪሲዮን ቤትና የጂፑ ካምቢዮ ቡሎኖቻቸው አይገናኙም። በመሐላቸው ወፍራም ማገናኛ ብረት በቶርኖ ተቀረጸ። የሞተሩ መዘውርና የካምቢዮው ዘንግ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በላይ ከተዛነፉ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑም ይበላል። ይህን ልክ የለካው፣ ለክቶ ያስፋቀው፣ አስፍቆ እንደገና የለካው ረዳቱ ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። አራት ጊዜ ሲመልሰው አይቻለሁ። የቶርኖ ሠራተኛው ተናዶ «አንተ ልጅ፣ ሰዓት ነው እንዴ የምትሠራው?» ብሎታል።

ናፍጣው ከቤንዚኑ ይከብዳል፤ ስለዚህ የፊት ባሌስትራው አንድ ላሜራ ተጨመረበት። የድሮው የዝናብ መጥረጊያ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል ነው፤ ናፍጣ ይህ የለውም፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ተተካ። ሞተሪኖው፣ ሽቦው፣ ራዲያተሩ ሁሉ ለናፍጣው በሚስማማ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛ ነው። ጋሼ (ረዳቶቹ የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ስም አልሰጠውም) ሞተሩን ከማንሳቱ በፊት የሠራው ፍሬኑን ነው። የድሮው ጂፕ ታምቡሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ የፍሬን ፖምፓውም አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው አንዱ ቱቦ ሲበሳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ አስገባ፤ በቶዮታው ዲናሞ ጀርባ ያለውን አየር መሳቢያም ለፍሬኑ አጋዥ አደረገው። ለምን ከዚህ ጀመርክ ብዬ ስጠይቀው «መጀመሪያ ማቆሚያውን፣ ከዚያ መሮጫውን» አለኝ።

እንግዲህ ያ መርማሪ ፍሬኑን አንዴ ቢረግጥ ኖሮ ይህንን ሁሉ በእግሩ ያነበው ነበር። እሱ ግን ቁጥር አነበበ። በዚያው ዕለት ጧት ከዱራሜ ስንመጣ ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ግራ ሲስብ እያየን ነው የተከተልነው። እሱም ለምርመራ ነበር የመጣው። አለፈ። ቁጥሩ ይገጥም ነበራ!

*  *  *

ሁለተኛው ተከራካሪዬ ከቢሮ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ካፌ ነው። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። የጂፑን ፎቶ ሳሳየው ፊቱን አጨማደደ። «ዊሊስ ላይ ቶዮታ? ይህማ ዲቃላ ነው፤ ቅርስ ገደላችሁ» አለኝ።

ስለ ዲቃላነት ካነሳን፣ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በተረቱ እንስቃለን፤ ነገር ግን የአገራችን መኳንንትና ሊቃውንት ለዳገቱ የመረጡት ንጹሑን ፈረስ ሳይሆን የተዳቀለችውን በቅሎ ነበር። ለምን? ገደሉን ታውቀዋለች፤ አትጥልም።

ደግሞስ የትኛው ንጽሕና ነው የሚወራው? ወዳጄ የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገረው። የዚህ የሲጄ-3ቢ ኮፈን ከወንድሞቹ ከፍ ያለ ነው፤ አፍንጫውን የቀና ይመስላል። ምክንያቱ ፋብሪካው አዲስ የሠራው ሞተር ለነባሩ አካል ረዝሞበት ኮፈኑን ከፍ አድርጎ ስለ ገጠመው ነው። ማለትም ይህ ጂፕ ገና ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ የተገጣጠመ ነው! ኦሃዮ ውስጥ ሲገጥሙት ጥበብ፣ ሆሳዕና ውስጥ ሲገጥሙት ግድያ የሚሆንበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ አጣሁ።

አሜሪካ ራሷ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሃይማኖት አላት። አንደኛው የሰብሳቢዎቹ ነው፤ የሞተሩና የአካሉ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጣ ከገጠመ የመኪናው ዋጋ ይሰቀላል፣ ካልገጠመ ይወርዳል። ሁለተኛው የጋራዥ ልጆቹ ነው፤ ሸቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያልከተቱበት መኪና የለም፤ ፎርድ አይሉ፣ ጂፕ አይሉ። ሁለቱም ተከባብረው ይኖራሉ። አንዱ ለመጋዘን፣ ሌላው ለመንገድ ነውና።

ኩባንም ተመልከቱ። በ1970ዎቹ ወጣቶች ደሴት የተማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያጫውቱናል። ከአብዮቱ በፊት የገቡት እነዚያ ሸቭሮሌቶችና ፎርዶች አሜሪካ መለዋወጫ ከከለከለቻቸው በኋላ በሶቪየት ሞተር፣ ቆይቶም በጃፓንና በኮሪያ ናፍጣ እየተንቀሳቀሱ የሃቫናን ሕዝብ አመላለሱ። ዛሬ ዓለም ሊያያቸው ይሄዳል። የሚያየው እኮ ቁጥሩ የማይገጥም መኪና ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች በነበሩበት ይጠበቁ፤ እስማማለሁ። ለሙዚየም የሚገባው ሁሉ ብሎኑ እንኳ አይነካ። የአጎቴ ጂፕ ግን ሙዚየም አልገባም፤ ገበያ ነው የሚሄደው። ንጽሕናውን ለመጠበቅ ሲባል ሕመምተኛ በቃሬዛ ይሂድ የሚል ካለ ቃሬዛውን ራሱ ይሸከም።

ለነገሩ እኛ ያልተገጣጠመ ምን አለን? ጋራዡ ውስጥ ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ። ልጆቹ በሀዲይኛ ይቀልዳሉ፤ ለደንበኛ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ዕቃ ሲጠሩ ግን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ጉዋርኒሲዮን ይላሉ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ቃል በእኛ አንደበት ላይ ሠርቶ ይኖራል። የከተሞቻችን ሕዝብ የሚሳፈርበት አውቶቡስስ? በጭነት መኪና ሻሲ ላይ ላሜራ እየተቀጠቀጠ የተሠራ አይደለም እንዴ? ስሙም ቅጥቅጥ ነው፤ አላፈረበትም።

*  *  *

እስካሁን የተከራከርኩት ከሌሎች ጋር ነው። አሁን ከራሴ ወገን ጋር ልጣላ።

ሁሉም ገጣሚ ጋሼን አይደለም። ሞተር አስገብቶ ፍሬኑን የረሳ ስንት አለ! መቀመጫውን በጥራጊ ብረት በይዶ፣ የናፍጣ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ጋር አስነክቶ «ሂድ፣ እግዜር ያውቅልሃል» የሚል ስንት አለ! የመኪናውን ጉልበት እጥፍ አድርጎ ታምቡሩን እንደነበረ የተወ መካኒክ መካኒክ አይደለም፤ ገና ያልተከሰሰ ገዳይ ነው። ጥራት ያለው ገጣሚ ሁሉ እነዚህን በስማቸው ሊወቅስ ሲገባው «የሙያ ጓደኛ» እያለ ይሸፍናል። ቢሮው ሁሉንም በአንድ ዓይን ቢያይ የሙያው ዝምታም ድርሻ አለበት።

የስርቆቱም ነገር ቀላል አይደለም። የሞተር ቁጥር የሚመዘገበው በከንቱ አይደለም፤ የተሰረቀ መኪና ተበልቶ ሞተሩ ሌላ ቦታ እንዳይበቅል ነው። ቁጥር ይጥፋ አላልኩም። እንዲያውም ቁጥር ይከበር ነው የምለው! ዛሬ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አዲሱን ቁጥር እንዳለ ይዞ የመጣውን «ወረቀት የለህም» ብለን ስንመልሰው ወደ መዶሻ ቤት እየሸኘነው ነው። በመዶሻ የተመታ ቁጥር ደግሞ ለሌባ የሚያገለግለውን ያህል ለሌላ ለማንም አያገለግልም። ደላላው በር ላይ የቆመው ገበያውን የምንፈጥርለት እኛ ስለሆንን ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ ረጅም አይደለም። የሞተር ለውጥ ማስመዝገብ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ስለዚህ ሕጉ መቀየርን አልከለከለም። የጎደለው ለአሮጌ ሞተር የሚሆን በር ነው። አንደኛ፣ መኪና ተፈታትቶ ሲሸጥ ሊብሬው ይመለስ፤ ለሞተሩም ቁጥሩን የያዘ አንድ ወረቀት ይሰጠው፤ ሶማሌ ተራም ያለዚያ ወረቀት አይሽጥ። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት ለተገዙት የሻጭ ደረሰኝና ቁጥሩ ከተሰረቁት መዝገብ ውስጥ አለመኖሩ ይበቃ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ የተቀየረ መኪና ከሌላው የጠበቀ ምርመራ ይደረግበት፤ ፍሬኑ፣ መሪው፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ ሽቦው፣ ጭሱ ይታይ። ካልበቃ ይውደቅ፤ አናለቅስም። አራተኛ፣ የገጠመው መካኒክ ስሙን ጽፎ ይፈርም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተምራሉ፤ የብቃት ምዘናም አለ። አንዱን ሞተር ከሌላው ሻሲ ጋር ማስማማትም በልኩ የሚመዘን፣ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሙያ ይሁን። ስሙን የፈረመ ሰው ፍሬን አይረሳም።

*  *  *

ይህ ሁሉ ስለ አንድ አሮጌ ጂፕ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፣ ስለዚያ ረዳት ልንገራችሁ።

የማገናኛውን ብረት አራት ጊዜ ያስመለሰው ልጅ ዛሬ ሆሳዕና የለም። ጂፑ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ጂፑ ነው ያሰደደው አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ከሰፈሩ የቀደሙት ብዙዎች ናቸው፤ የሚጠራውም ዘመድ እዚያ ነበረው። ነገር ግን ሊሰናበተኝ ሲመጣ ያለኝን አልረሳም። «ጋሽዬ፣ እዚህ እጄን የሚያውቀው ጋሼ ብቻ ነው። በወረቀት ግን እኔ የለሁም። የሠራሁት ሥራ እንኳ የለም ተባለ።»

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የወገኖቻችን የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሽንሺቾ ስልክ አንስቶ የማይደውል ቤት ጥቂት ነው።

ልጁ በሰላም ደርሷል፤ ተመስገን። አንድ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። ባለፈው ሲደውልልኝ «ካሊፐሬን ይዤ ነበር የወጣሁት፤ መንገድ ላይ ወሰዱብኝ» አለኝ። ከዚያ ስለ ጂፑ ጠየቀኝ። ኩሽኔታው ድምፅ አለው ወይ? የለውም አልኩት። ዝም አለ። ደስ እንዳለው ገባኝ።

የሚሊሜትርን አንድ አሥረኛ በጣቱ የሚያውቅ ልጅ አሳድገን ለስኳር ሚዛን ሰጠነው። ቁጥር ያልገጠመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ጂፑ ዱራሜ፣ አጎቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆሟል። ቦሎ የለውም፤ መንገድ አይወጣም። አጎቴ በየቅዳሜው ጧት ያስነሱታል፤ ባትሪው እንዳይሞት ነው ይላሉ። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ነበርኩ። ናፍጣው በአንድ ጊዜ ተነሣ። አጎቴ ከግቢው በር እስከ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ነዱትና ፍሬን ያዙ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግራም ቀኝም አልሳበም።